ባለ 240 ዞን ባክላይት በቤት ውስጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ ባለ 15.6 ኢንች የኤልሲዲ ስክሪን ይዤ፣ ፋብሪካው ከጠርዙ የሚያበራበትን ባክላይት (የኋላ መብራት) ነቅዬ፣ በምትኩ ከኋላው እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚደምቁና የሚደበዝዙ 240 ኤልኢዲዎች ለመደርደር፣ ምስሉ በሚጨልምበት ቦታም የኋላው ብርሃን አብሮ እንዲጨልም ለማድረግ አስቤያለሁ። «ሚኒ ኤልኢዲ» እየተባሉ የሚሸጡት ቴሌቪዥኖች፣ ላፕቶፖችና ታብሌቶች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የእኔዎቹ ኤልኢዲዎች ግን በየጎናቸው 5 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ «ሚኒ» ለመባል አይበቁም፤ በዘርፉ ይህ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ገደማ ለሆነ ቺፕ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ የማይበልጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ እኔ የምቀዳው መሠረተ ሐሳቡን እንጂ መጠኑን አይደለም።

ለሥራው ምክንያት የሆነኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቴሌቪዥን ሊገዛ ሄዶ አንዱ ሻጭ የኤልኢዲዎቹን ብዛት፣ ሌላው የዞኖቹን፣ ማለትም ለየብቻቸው የሚደምቁና የሚደበዝዙ የባክላይቱን ክፍሎች ብዛት እየጠራ ስላደናገረው የትኛው ቁጥር እንደሚበልጥ ጠየቀኝ፤ እኔም አፌን ሞልቼ መመለስ አቃተኝ። ቁጥሮቹን ሳሰባስብ ግራ መጋባቱ አልፈረድኩበትም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ የቀረበው «8-ሲሪስ» የሚባለው የቲሲኤል ቴሌቪዥን ከ25,000 በላይ ሚኒ ኤልኢዲዎች ሲኖሩት ዞኖቹ ወደ 1,000 የሚጠጉ ናቸው። በ2021 የወጣው ባለ 12.9 ኢንች አይፓድ ፕሮ ደግሞ ያሉት ኤልኢዲዎች 10,384 ብቻ ሲሆኑ ዞኖቹ ግን 2,596 ናቸው፤ አራት አራት ኤልኢዲ አንድ ዞን ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አይፓድ ፕሮ የሚበራው በ72 ኤልኢዲዎች ነበር። እኔ የያዝኩት 240 ዞን በአጋጣሚ የመጀመሪያው ባለ ሚኒ ኤልኢዲ ላፕቶፕ ከሆነው፣ በ2020 ከወጣው ኤምኤስአይ ክሪኤተር 17 ጋር እኩል መሆኑን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት፤ የእኔ ቁጥር የመጣው አራት ሜትር ኤልኢዲ ብቻ ስለገዛሁ ነው።

መስከረም 28

ስክሪኑን ፈታሁት። የኤልሲዲ መስታወት ራሱ ብርሃን የማያወጣ፣ የኋላውን ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም የሚከለክል መዝጊያ መሆኑን በመጽሐፍ ማወቅና በእጅ ይዞ ወደ መስኮት ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚህም የከፋው፣ መዝጊያው ፈጽሞ የማይገጥም መሆኑ ነው፤ ሙሉ በሙሉ «ጥቁር» ሲባልም ጥቂት ብርሃን ያሾልካል። እንደ እኔው ያለ ርካሽ የቲኤን ስክሪን ነጩ ከጥቁሩ የሚደምቀው ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ ነው፤ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ወደ 1,000 ጊዜ ይደርሳል፤ በቴሌቪዥን የሚዘወተረው ቪኤ ደግሞ 3,000ና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ሰው ሌሊቱ ግራጫ ሆኖ የሚታየው በዚህ በሚሾልከው ብርሃን ነው። መዝጊያውን ማሻሻል ካልተቻለ ከኋላው ያለውን መብራት መቀነስ ነው የቀረው።

ከመስታወቱ በስተኋላ በቅደም ተከተል ያገኘኋቸው ሁለት እርስ በርስ የተሻገሩ የፕሪዝም ፊልሞች (ስስ የፕላስቲክ ሽፋኖች)፣ አንድ ብርሃን በታኝ ፊልም፣ ብርሃኑን ከታችኛው ጠርዝ ተቀብሎ በመላው ገጽ የሚያከፋፍል ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ፣ በመጨረሻም ነጭ አንጸባራቂ ወረቀት ናቸው። ወፍራሙን ፕላስቲክና በጠርዝ ያለውን የኤልኢዲ መስመር አወጣሁ፤ ሌላውን ሁሉ አስቀመጥኩ። የመስታወቱና የቦርዱ ማገናኛ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ስለሆነ ሥራውን አንድ ሰዓት ሙሉ ትንፋሼን ይዤ ሠራሁት። የኤልኢዲ መስመሩ ቢነቀልም ምስሉ መምጣቱን እንደሚቀጥል በባትሪ መብራት ከኋላ አብርቼ አረጋገጥኩ፤ ከዱባይ ያስመጣሁት የኤችዲኤምአይ መቆጣጠሪያ ቦርድም በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ።

ጥቅምት 2

እሑድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዤ ዋልኩ። በአንድ ሜትር 60 ኤልኢዲ ያለበትን ደብሊውኤስ2812ቢ የሚባል መስመር ሃያ ሃያ አድርጌ ቆራርጬ፣ ከምናለሽ ተራ በገዛሁት የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ላይ 12 ረድፍ ለጠፍኩ። በአግድም በሁለት ኤልኢዲዎች መካከል 16.7 ሚሊ ሜትር፣ በቁም 16 ሚሊ ሜትር አለ። እያንዳንዱ ኤልኢዲ በውስጡ የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለው ለሁሉም የሚበቃው አንድ የመረጃ ሽቦ ነው፤ የፋብሪካ ሚኒ ኤልኢዲ ግን እንዲህ ዓይነት ቅንጦት የለውም፤ ዞኖቹን የሚነዱት ለብቻቸው የተቀመጡ ድራይቨር ቺፖች ናቸው።

ሁለት ችግሮች ቀኑን በሉት። የመጀመሪያው የሲግናሉ ቮልቴጅ ነው፤ ኤልኢዲዎቹን የሚያዘው ኢኤስፒ32 የሚባል አነስተኛ መቆጣጠሪያ ቦርድ የሚያወጣው 3.3 ቮልት ሲሆን በ5 ቮልት የሚሠራው ኤልኢዲ ግን «አንድ» ብሎ ለመቀበል ቢያንስ 3.5 ቮልት ይፈልጋል። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ደግሞ መላው ሰሌዳ እንደ ሠርግ ቤት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ አነስተኛ ቺፕ በመካከል ሳስገባ ጸጥ አለ። ሁለተኛው የኃይል መውደቅ ነው። በወረቀት ላይ 240 ኤልኢዲዎች በሙሉ ነጭ ሲበሩ እያንዳንዳቸው 60 ሚሊ አምፒር፣ በጠቅላላው 14.4 አምፒር ይወስዳሉ፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ጫፍ ሲገባ ቮልቴጁ እየወደቀ ሄዶ የመጨረሻዎቹ ረድፎች ቀልተው ታዩ። ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚፈልጉት ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀድመው ስለሚዳከሙ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። ወፍራም ሽቦ ከግራም ከቀኝም አስገብቼ ሁሉንም ረድፍ በየጫፉ ስመግብ ነጩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆነ። ለጥንቃቄ ደግሞ ከፍተኛውን ድምቀት 60 በመቶ ላይ ገደብኩት።

ጥቅምት 9

ይህን ሳምንት የፈጀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ኤልኢዲዎቹ ከፊልሞቹ ምን ያህል ይራቁ?

ፊልሞቹን በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ሳስቀምጣቸው 240ዎቹ ነጥቦች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። በ10 ሚሊ ሜትር ነጥቦቹ ደበዘዙ፣ ነገር ግን ነጭ ገጽ ላይ እንደ ወንፊት ጥላ ቀሩ። በ20 ሚሊ ሜትር ሙሉ በሙሉ ጠፉ፤ ነጩ እንደ ወተት ሆነ። ደስ ብሎኝ አንድ ኤልኢዲ ብቻ አብርቼ ሌላውን ሁሉ ሳጠፋ ደስታዬ ቀነሰ፤ የበራው አንድ ዞን ሳይሆን የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል ጉም ነበር።

ነገሩን በስሌት ሳየው ከጂኦሜትሪ ማምለጫ እንደሌለ ገባኝ። ሌንስ የሌለው ኤልኢዲ ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚረጭ ከፊት ለፊቱ ባለ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በማዕዘኑ ኮሳይን አራተኛ ኃይል መጠን ይቀንሳል። በ10 ሚሊ ሜትር ርቀት የጎረቤት ኤልኢዲ መካከል ላይ የሚደርሰው 7 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ዞኖቹ በደንብ ተለይተዋል፤ ነገር ግን በአራት ኤልኢዲዎች መካከል ያለው ቦታ ኤልኢዲው ፊት ካለው 40 በመቶ ያህል ይደበዝዛል፤ ወንፊቱ የታየኝ በዚህ ነው። በ20 ሚሊ ሜትር ወንፊቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን ጎረቤቱ ላይ 35 በመቶ፣ ከጎረቤቱ ቀጥሎ ያለው ላይ እንኳ 7 በመቶ ያርፋል። ወጥ ነጭ ገጽ የሚገኘው ዞኖቹ እርስ በርስ ሲደባለቁ ነው፤ ጥቁር ጥቁር የሚሆነው ደግሞ ዞኖቹ ሳይደባለቁ ሲቀሩ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ርቀት የለም።

የኤልኢዲውን ማነስ ጥቅም በትክክል የተረዳሁትም እዚህ ላይ ነው። የአይፓድ ፕሮውን ስክሪን ስፋት ለ10,384 ሳካፍለው በሁለት ኤልኢዲዎች መካከል ያለው ርቀት ወደ 2.2 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የእኔን ሬሾ (ለ16.7 ሚሊ ሜትር ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ክፍተት) ብንጠብቅ እነርሱ የሚያስፈልጋቸው ክፍተት 2.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በተሻለ ፊልም ከዚህም ይቀንሳል። ታብሌቱ ሚኒ ኤልኢዲን ሲቀበል ውፍረቱ ከ5.9 ወደ 6.4 ሚሊ ሜትር ብቻ መጨመሩ በዚህ ይገባኛል። የእኔው ስክሪን ግን አሁን እንደ መዝገበ ቃላት ወፍሯል። ባለ 75 ኢንቹን የቲሲኤል ቴሌቪዥን በዚሁ መንገድ ሳሰላው ኤልኢዲዎቹ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ተራርቀው አንዱ ዞን ግን በየጎኑ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ከእኔ ዞን በእጅጉ የሚሰፋ ነው። ለወንድሜ የነገርኩት ይህን ነው፤ የኤልኢዲው ብዛት የሚነግረን ስክሪኑ ምን ያህል ቀጭንና ወጥ ሆኖ መሠራት እንደሚችል ነው፤ ጨለማና ብርሃን ምን ያህል ተጠጋግተው መቀመጥ እንደሚችሉ የሚነግረን ደግሞ የዞኑ ስፋት ነው፤ ያም ቢሆን ብርሃኑ ከዞኑ ካልፈሰሰ ብቻ። እርሱም «ታዲያ የቱን ልግዛ?» አለኝ። ገና አልደረስኩበትም።

ጥቅምት 14

ብርሃኑ እንዳይፈስ ግድግዳ ልሥራለት ብዬ ከነጭ ካርቶን 19 የቁምና 11 የአግድም ሰቆች ቆርጬ፣ እንደ ጠርሙስ ማሸጊያ ሣጥን አካፋይ አንዱን በአንዱ አሰካክቼ ፍርግርግ አበጀሁ። ቁመቱን ሙሉ 20 ሚሊ ሜትር ሳደርገው ዞኖቹ እንደ ተለያዩ ክፍሎች ተነጣጠሉ፤ አንዱ ሲበራ ጎረቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ነገር ግን ነጭ ገጽ ሳሳይ የእያንዳንዱ ግድግዳ ጥላ በስክሪኑ ላይ ተሰመረ፤ ሰማይን በእስር ቤት መስኮት እንደማየት ነበር። ከዚህም በላይ ሁለት ጎረቤት ዞኖች የተለያየ ድምቀት ሲይዙ በመካከላቸው ያለው ድንበር ቢላዋ እንደቆረጠው ስለታም ሆኖ ስለሚታይ ዓይን ወዲያውኑ ይይዘዋል፤ ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ ጉም ግን ዓይን ይቅር ይለዋል።

ሰቆቹን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሳደርጋቸው ነገሩ ተስተካከለ። ዝቅተኛው ግድግዳ በጣም የተንጋደደውን ጨረር ብቻ ስለሚያግድ የቅርብ ጎረቤት ድርሻውን ያገኛል፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ግን በቀጥታ የሚደርሰው ነገር የለም፤ የሚቀረው ከፊልሞቹ ተመልሶ የሚንጸባረቀው ብቻ ነው። ነጩም ወጥነቱን አላጣም። ከሥራው ሁሉ በጣም የኮራሁበት ክፍል ይህ የካርቶን ፍርግርግ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው።

ጥቅምት 21

ወደ ፕሮግራሙ ገባሁ። በፓይተን የተጻፈ ትንሽ ማጫወቻ የቪዲዮውን እያንዳንዱን ፍሬም ተቀብሎ 20 በ12 ወደሆነ ጥቃቅን ምስል ይለውጠዋል፤ ከዚያም 240ዎቹን ቁጥሮች በዩኤስቢ ወደ ኢኤስፒ32 ይልካል። መጀመሪያ ላይ ብርሃኑ ከምስሉ እየተንቀራፈፈ የሚሄድበት ምክንያት ጠፍቶብኝ ግማሽ ቀን ከኮዱ ጋር ታገልኩ። ጥፋቱ የሒሳብ ነበር፤ በ115,200 ቢት ፍጥነት፣ አንድ ባይት 10 ቢት ስለሚፈጅ፣ በሰከንድ የሚያልፈው 11,520 ባይት ስለሆነ በ240 ሲካፈል 48 ፍሬም ብቻ ነው፤ እኔ ግን 60 እየላክሁ ነበር። ፍጥነቱን 921,600 ሳደርገው መንቀራፈፉ ቆመ። በኤልኢዲዎቹ በኩል ስጋት የለም፤ ለእያንዳንዱ 30 ማይክሮ ሰከንድ ስለሚፈጅ ሁሉም በ7.2 ሚሊ ሰከንድ ይታደሳሉ።

ዋናው ጥያቄ ግን አንድ ዞን ምን ያህል ይብራ የሚለው ነው። በአንድ ዞን ውስጥ 4,371 ያህል ፒክስሎች አሉ። አማካያቸውን ብወስድ በጥቁር ገጽ ላይ ያለችው የመዳፊት ቀስት ከዞኑ ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ስለምትሸፍን የኋላው ብርሃን ያንኑ ያህል ይሆንና ነጯ ቀስት አመድ ትመስላለች። ከሁሉ የሚደምቀውን ፒክስል ብወስድ ደግሞ ቀስቷ ነጭ ትሆናለች፣ ነገር ግን በሄደችበት ሁሉ ዙሪያዋን ጉም አጅቧት ይሄዳል። ከሁሉ የሚደምቁትን 5 በመቶ ትቼ ቀጣዩን ልውሰድ ብል ቀስቷ ከነጭራሹ ጠፋች። 2 በመቶ ብቻ ስተው ቀስቷ ተመለሰች፣ ከዋክብት ግን ጠፉ፤ በሌሊት ሰማይ ላይ ያለ ኮከብ ከጥቂት ፒክስል አይበልጥምና።

እዚህ ላይ የገጠመኝ ሌላው ነገር ደግሞ አስቀድሜ ያላሰብኩት ነው። አንድ ዞን ብቻውን በሙሉ ኃይሉ ቢበራ እንኳ የሚያገኘው ድምቀት፣ መላው ስክሪን ሲበራ ከሚያገኘው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው፤ ሦስቱን ሩብ የሚሰጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ ለአንዲት ኮከብ ሙሉ ድምቀት ለመስጠት በዙሪያዋ ያሉትን ዞኖች ማብራት ግድ ይላል፤ እነርሱ ከበሩ ደግሞ ሌሊቱ ሌሊት አይሆንም። ጨለማውን ከመረጥን ኮከቧ ትደበዝዛለች። በሱቅ ያየኋቸው ሁለት እኩል ዞን ያላቸው ቴሌቪዥኖች ለምን እንደማይመሳሰሉ አሁን ይገባኛል፤ አንዱ አምራች ለኮከቧ ሲያደላ ሌላው ለጨለማው ያደላል፤ ይህ ምርጫ ደግሞ በካርቶኑ ላይ የሚጻፍ ቁጥር የለውም። እኔ ከብዙ ሙከራ በኋላ ከከፍተኛው 60 በመቶ፣ ከአማካዩ 40 በመቶ ቀላቅዬ ቆምኩ። ለጨለማው ያደላሁ መሆኔን አልክድም።

ጥቅምት 25

የኋላው ብርሃን በአንድ ቦታ ግማሽ ከሆነ በዚያ ቦታ ያለው ምስል ግማሽ እንዳይሆን መዝጊያው ይበልጥ መከፈት አለበት። ለዚህም ፕሮግራሙ የ240ዎቹን ብርሃን በየአቅጣጫው እንዴት እንደሚፈስ አስልቶ የእያንዳንዱን ፒክስል የኋላ ብርሃን ይገምታል፣ ከዚያም የፒክስሉን ዋጋ በዚያው ልክ ከፍ ያደርጋል። የስክሪኑ ጋማ (የፒክስል ዋጋ ወደ ብርሃን ሲለወጥ የሚነሳበት ኃይል) 2.2 ስለሆነ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ዋጋው በ2 ሳይሆን በ1.37 ነው የሚባዛው፤ ይህን ዘንግቼ በመጀመሪያው ቀን የሰው ሁሉ ፊት የተቀባ መስሎ ነበር። የብርሃኑን አፈሳሰስ ከቀመር ብቻ መውሰድም አልበቃም። አንድ ኤልኢዲ አብርቼ፣ የስልኬን ካሜራ በቋሚ መጋለጥ (ኤክስፖዠር) አስሬ ያነሳሁትን ፎቶ በምትኩ ስጠቀም የዞኖቹ ድንበር ከሰማይ ምስል ላይ ጠፋ።

ይህ አካሄድ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በካናዳ ቫንኩቨር የነበረው ብራይትሳይድ ቴክኖሎጂስ ባለ 37 ኢንች ስክሪን ከ1,380 ለየብቻ ከሚታዘዙ ኤልኢዲዎች ጋር አዋሕዶ ይኸንኑ አድርጓል፤ ኩባንያውን ዶልቢ እ.ኤ.አ. በ2007 ገዝቶታል። ሚኒ ኤልኢዲ የሚለው ስም ገበያ ላይ ከመውጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሐሳቡ ተሟልቶ ነበር፤ የጎደለው ቺፖቹን በዚህ ብዛት አሳንሶና አርክሶ መደርደር ነው።

ኅዳር 1

መብራት ለሁለት ቀን ስለተቋረጠ ብዙ አልሠራሁም። ሙቀቱን ግን አየሁ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ነጭ በኋላ አሉሚኒየሙ እጅ የማያስነካ ሊሆን ተቃረበ። በፊልም ጊዜ ግን አብዛኛው ዞን ስለሚደበዝዝ ለብ ከማለት አላለፈም። ከኋላ ሁለት አነስተኛ ማራገቢያ አስሬ ጉዳዩን ዘጋሁት።

ኅዳር 7

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ቀርተውኝ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በፍጥነት የሚሮጥ ነጭ ኳስ በጥቁር ገጽ ላይ ሳሳይ ጉሙ ከኳሱ ፊት ቀድሞ ይሄድ ነበር። በስልኩ 240 ፍሬም በሰከንድ ቀርጬ ስቆጥር ብርሃኑ ከምስሉ 8 ፍሬም፣ ማለትም 33 ሚሊ ሰከንድ ይቀድማል፤ የኤችዲኤምአይ ቦርዱ ምስሉን ሲያስተካክል ሁለት የስክሪን ፍሬም ያህል ያዘገየዋል። የብርሃኑን ትእዛዝ በሁለት ፍሬም ሳዘገየው ኳሱና ጉሙ ተገናኙ። ለቪዲዮ ይህ በቂ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን እያንዳንዱ መዘግየት በእጅ ይታወቃል።

ሁለተኛው የጨለማው ደረጃዎች ናቸው። የእኔ ኤልኢዲ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 8 ቢት፣ ማለትም 256 ደረጃ ብቻ ነው፤ ከዜሮ ቀጥሎ ያለው ደረጃ የሙሉው 0.4 በመቶ ነው። ይህ በቁጥር ኢምንት ይመስላል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ግን ትእይንቱ ቀስ እያለ ሲጨልም ዞኖቹ አንድ በአንድ «ጠፋ፣ ጠፋ» ሲሉ እንደ ደረጃ ይታያል። ለዚሁ ሥራ የሚሠሩ ድራይቨር ቺፖች ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 16 ቢት የሚሆኑት አለምክንያት አይደለም። እኔ ያደረግሁት ማስታገሻ ብቻ ነው፤ ዞን ሲደምቅ ወዲያው፣ ሲጨልም ግን በስምንት ፍሬም ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሆን አዘዝኩ፤ ከፊልሙ መጨረሻ በቀር የትኛውም ዞን ፈጽሞ እንዳይጠፋም ዝቅተኛውን ደረጃ 1 ላይ ያዝኩት። በዚህም እውነተኛውን ጥቁር ጥቂት ሸረፍኩት።

የብርሃን መለኪያ ሴንሰሬ ከ1 ሉክስ በታች የሚሰጠውን ቁጥር ስለማላምነው የመጨረሻውን ንጽጽር በቁጥር አልጽፍም። በካሜራው ግን፣ ጥቁሩ ገጽ ከቀድሞው ባክላይት ጋር ሰከንድ ባልሞላ መጋለጥ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ፣ በአዲሱ ግን ለአሥር ሰከንድ ከፍቼም እምብዛም አልያዘውም።

ኅዳር 13

ወንድሜ ማታ መጣ። መብራቱን አጥፍተን የሌሊት ትእይንት የሚበዛበት ቪዲዮ ከፈትኩለት። መጀመሪያ ያለው፣ «ስክሪኑ የት ደረሰ?» ነው፤ ጥቁሩ ከክፍሉ ጨለማ ጋር ተቀላቅሎ የስክሪኑ ጠርዝ ጠፍቶበት ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ሲመጣ ጠቆመኝ፤ ከነጮቹ ፊደላት ሥር አንድ ረድፍ ዞኖች በርተው ከግራ ወደ ቀኝ የጭስ መጋረጃ ተዘርግቷል። ጽሑፉ ሲጠፋ መጋረጃው ይጠፋል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ፊት ለፊት ሲቀመጥ እምብዛም ያልታየው ይህ ነገር ወደ ጎን ሲዞር ጎልቶ ታየው፤ የቲኤን መዝጊያ ከጎን ሲያዩት ይበልጥ ያሾልካልና።

ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ይህ ጣጣ የለበትም፤ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ስለሚያበራ የራሱ ዞን ነው። የ2021ዱ አይፓድ ፕሮ 5.6 ሚሊዮን ገደማ ፒክስሎች ለ2,596 ዞኖች ተካፍለው አንዱ ዞን ከ2,100 በላይ ፒክስሎችን ይሸከም ነበር፤ በ2024 የወጣው አይፓድ ፕሮ ሚኒ ኤልኢዲን ትቶ ወደ ባለ ሁለት ድርብ ኦሌድ መሄዱ የሚያስገርም አይደለም፤ ባለ 13 ኢንቹ ውፍረትም ወደ 5.1 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ሚኒ ኤልኢዲ ግን ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን ውስጥ፣ በሰፊ ገጽና በተመጣጣኝ ዋጋ ሲሆን ብርታቱ አሁንም አለ፤ የወንድሜ ሳሎን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ መጋረጃው የተከፈተ ነው።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ሲሄድ የዞን ቁጥር እንዳይጠይቅ፣ በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ የግርጌ ጽሑፍ ያለበት ቪዲዮ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሻጩን «ይህን ክፈትልኝ» እንዲለው፣ ከዚያም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ እንዲያይ ነገርኩት። ቪዲዮውን ዛሬ ሌሊት እሠራለታለሁ፤ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ የሚሮጥ ኳስ፣ ጥቂት ከዋክብት። ነገ ደግሞ ለግርጌ ጽሑፉ ረድፍ ብቻ የከፍተኛውን ድርሻ ከ60 ወደ 35 አወርድና ፊደላቱ ሳይደበዝዙ መጋረጃው ምን ያህል እንደሚሳሳ አያለሁ።